የጋሽ ሰይድ የወገብ ልክ

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የምሰፋበት ሱቅ አዲስ ባለቤቶች አንድ የመጨረሻ ሥራ ሰጡኝ። ደንበኛው ከእንግዲህ ሱቅ እየመጣ ስለማይለካ፣ ቤቱ ሆኖ ራሱን እንዲለካ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጂልን አሉኝ። "ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን አጭር ይሁን።" ጻፍኩላቸው። ሱሪህ ላይ ያለውን ቁጥር አትመን። ሜትሩን የምትታጠቅበት ቦታ ላይ አዙረው። ሆድህን አትሳብ። አንድ ጣት ከሜትሩ ሥር አስገባ። ከዚያ ቁጭ በልና እንደገና ለካ። አነበቡት፣ ወደዱት፣ አመሰገኑኝ።

ወረቀቱን ሰጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ግን ልቤ ከበደኝ። ከዚያ ገጽ ላይ የቀረ ሰው ነበር። ጋሽ ሰይድን በአምስት መስመር ጽፌ ለፈረንጅ መስጠት አልችልም። ስለዚህ እዚህ፣ በቋንቋችን እጽፋቸዋለሁ።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ራሕማ ነው። ስፌት የተማርኩት ከአባቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ የገባነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠፍኩ። ቀጥሎ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ገባሁና ሱሪ ማሳጠርና ማጥበብ ያዝኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደንበኛውን በቲኬት ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይጠራም። "የአርባ ሁለት ቁጥር ጎኑ ይጥበብ" ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳላይ የሰው ሱሪ ሳጠብ ኖርኩ።

አንድ ቀን ሚስ አግነስ የሚባሉ አሮጊት ገበሩ የተቀደደ ካፖርት አመጡ። ሊወስዱት ሲመጡ ገለበጡት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹት፣ ከዚያ "ማነው የሰፋው?" አሉ። ወጣሁ። "እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ።  በሳምንቱ ዴንቨር፣ ደቡብ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ እሳቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፤ ወንበሩ ግን በጣም ይሻላል።

ሚስ አግነስ የተወለዱት ስኮትላንድ ነው። አሜሪካዊ ወታደር አግብተው መጥተው፣ ባላቸው ሞቶባቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። የሚሰፉት ኪልት ነው። ኪልት ማለት የአገራቸው ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚታጠቁት፣ ፊቱ ልሙጥ፣ ኋላው ሽንሽን የሆነ ልብስ ነው። ጥንታዊው ከከባድ ሱፍ ይሠራል፤ ለሠርግና ለሙዚቃ ጓድ ነው። በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ መምጣት ጀመረ፤ አናጺው፣ ጊታር መቺው፣ ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጣው። እነዚህ የሚፈልጉት ከካኪ የተሠራ፣ ሽንሽኑ ያነሰ፣ ኪስ ያለው፣ በቲሸርት የሚለበስ ኪልት ነው። ሚስ አግነስ መጀመሪያ ናቁት። "ይሄ ኪስ ያለው ፎጣ ነው" አሉ። ናቁት እንጂ አንዱንም በግዴለሽነት አልሰፉትም።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ቁጥር የሚባለው ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ሦስት ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሦስቱም ላይ ሠላሳ አራት ኢንች ይላል። ሜትሩን ሰጡኝ። አንዱ ሠላሳ አምስት ሆነ፣ አንዱ ሠላሳ ስድስት፣ አንዱ ሠላሳ ሰባት ተኩል። "ሱሪ ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ይዋሻል፤ ባለሱሪው ደግሞ ከሱሪው የባሰ ይዋሻል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ የጎረቤት ከተማ፣ የሊትልተን፣ ቧንቧ ሠራተኛ በስልክ ሠላሳ አራት ነኝ ብሎኝ አምኜው ቆረጥኩ። መጥቶ ሲታጠቀው ዘለበቱና ማሰሪያው አራት ጣት ተራርቀው ቀሩ፤ ሰውየው ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ሚስ አግነስ አልተቆጡም። ሌላ ጨርቅ አወጡና "አሁን ሰውየውን ለኪው" ብቻ አሉኝ።

ሱሪ ቢጠብ እግር ይሸከመዋል። ኪልት የሚሸከመው ወገብ ብቻ ነው። ከጠበበ ኋላው ያለው ሽንሽን ተከፍቶ ይቀራል፤ ከሰፋ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍና ሳንቲም ይጎትተውና ሰውየው ሲራመድ ይዞራል። የቆዳ ማሰሪያው የሚምረው አንድ ኢንች፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ደግሞ ወገብ የሚባለው ራሱ አንድ ቦታ አይደለም። ጥንታዊው እምብርት ላይ ይታሰራል፤ አዲሱ ዝቅ ብሎ ዳሌው አጥንት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስንት ነው ከማለት በፊት የት ነው ማለት ያስፈልጋል።

ወንድ መለካት መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። የባዕድ ወንድ ወገብ በሁለት እጄ ማዞር አልሆንልኝ አለ። ሚስ አግነስ አዩኝ፤ ለምን አላሉኝም። "ዜሮውን እሱ ይያዘው። አንቺ ባለሽበት ቁሚ፣ እሱ ይዙር" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ አደረግኩ። ሜትሩን በያዝኩበት ሰውየው ራሱን ይጠመጥማል። ሆዱን እንዳይስብ ደግሞ ሚስ አግነስ ቁርስ ምን እንደበላ ይጠይቁታል፤ ስለ እንቁላሉ ሲያወራ ትንፋሹ ይወጣል፣ ሆዱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ቁጥሩን ያነባሉ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው እንደገና ይለኩታል፤ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ሁለትና ሦስት ኢንች ይበልጣልና።

የመጨረሻ ልማዳቸው ግን የትም ሱቅ አላየሁትም። ጥግ ላይ መጋረጃ አለ። ሰውየውን ጠመኔ ያስይዙና "እንዲነካብህ የማትፈልገው ቦታ ካለ ከመጋረጃው ኋላ ሄደህ ሸሚዝህ ላይ ምልክት አድርግ። ምን እንደሆነ አልጠይቅህም" ይሉታል። ስንቱ ጉልቤ ሰው ሸሚዙ ላይ ነጭ ክብ ሠርቶ ይወጣ ነበር። የኦፕራሲዮን ስፌት፣ የጦር ሜዳ ቁስል፣ ሌላም። የትእዛዝ ወረቀታችን የመጨረሻ መስመር ለዚህ የተተወ ነው። ምንም ከሌለው "የለም" ተብሎ ይጻፋል። ባዶ አይተውም።

ጋሽ ሰይድ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው። እኛ አዲስ በገባን ሰሞን ከቢሮ ቢሮ ያዞሩን፣ ባለቤቴን መኪና መንዳት ያስተማሩት፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ከቤታቸው ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ አፓርታማ ያገኙልን እሳቸው ናቸው። ለእኔ እንደ አባት ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

አንጀታቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ጭማቂ ይዘን ጠየቅናቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አሉ፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ሶፊያ ደወሉልኝ።

"ራሕማ፣ ሰይድ ሱሪ መልበስ አቃተው። ቀበቶ ሲያስር ያመዋል። ቤት ውስጥ በሽርጥ ነው የሚውለው። ሽርጥ ታጥቆ ደግሞ ታክሲ አያስነዱትም። ቤት መዋል ሊገድለው ነው። አንቺ ሰፊ ነሽ፣ ምን ይሻላል?"

ወዲያው መጣልኝ። ኪልት። ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ ኩራቱም የእኔ። ስልኩን ለጋሽ ሰይድ ሰጧቸው።

"ልጄ፣ በስተርጅና ጉርድ ቀሚስ ልታለብሺኝ ነው?"

"የወንድ ልብስ ነው ጋሽ ሰይድ። ወታደሮቻቸው ሳይቀሩ ለብሰውት ይዋጋሉ።"

"እንግዲያው ኪስ ያለው ሽርጥ ነው በይኛ!" ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ መጡ። ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ ከታች ሰፊ የስፖርት ሱሪ አድርገው ነበር። ሚስ አግነስን ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላም አሉ። ሚስ አግነስ "ያገርሽ ሰው ነው፤ አንቺ ያዢው" አሉኝና ወደ ካውያቸው ሄዱ።

"የት ላይ ይሁንልዎ?" አልኳቸው።

"እምብርቴን ይሸፍንልኝ፣ ጉልበቴን ይለፍልኝ። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ዙህር ሶላት የምሰግደው እዚያው ነው፤ ከእምብርት እስከ ጉልበት መሸፈን አለበት።"

ዜሮውን አስያዝኳቸው። ሹራቡን ያወልቁ አላልኩም። እምብርታቸው ላይ ያዙት። ዞሩ። ሠላሳ ስምንት። ወንበሩ አጠገባችን ነበር፤ ይቀመጡ አላልኩም። የታመመ ሰው ቁጭ ብድግ ላስብል አልፈለግሁም። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም እንዲህ የማከብራቸውን፣ ሆድዎ ላይ ምን አለ ብዬ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ።

ጋሽ ሰይድ መጋረጃውን አዩት። ጠመኔው በክር ታስሮ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"እሱ ልብስ መቀየሪያ ነው። ለእርስዎ አያስፈልግም።"

"እሺ" አሉ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያዟዙሩ ቆዩ። "ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?"

"የለም ጋሽ ሰይድ፣ ጨረስን።"

ከሄዱ በኋላ ሚስ አግነስ ከካውያው ቀና ሳይሉ "ጠየቅሽው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ደክሞኝ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ይህ ሥራ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ። ዛሬም አንዱን መርጬ ይሄ ነው ማለት አልችልም።

ከጥቁር ግራጫ ካኪ ሰፋሁት። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ ያን ያህል የተጠነቀቅሁለት የለም። ሽንሽኖቹን አንድ በአንድ በእጅ ሸልዬ ተኮስኳቸው። ከጉልበት በታች አራት ጣት አስረዘምኩት። የወገቡን ክፍል ጠንካራ ገበር ከተትኩበት፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበት እንዳይታጠፍ ብዬ። ቤታቸው ይዤላቸው ሄድኩ። መኝታ ቤት ገብተው ለብሰውት ሲወጡ እትዬ ሶፊያ "ማሻአላህ" አሉ። ሃይስኩል የምትማረው ልጃቸው ሀያት ከሶፋው ብድግ ብላ "ዳድ! ሶ ኩል!" አለች።

"ልክ ነው። እጅሽ ይባረክ" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ግራ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር የቆሙት። አየሁት። አመል መሰለኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልሰማሁም። ደህና ቢሆኑ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ኮልፋክስ ላይ ካለ የአገራችን ሰዎች ሱቅ በርበሬ ስገዛ አንድ ታክሲ ነጂ ለባለሱቁ "ጋሽ ሰይድ እኮ ታክሲውን መለሰ" ሲለው ሰማሁ። የገዛሁትን እዚያው ትቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ሶፊያ ናቸው። ወደ ኩሽና አስገቡኝና በሩን ገጠም አደረጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

ለካ ሐኪሞቹ የታመመውን አንጀት ቆርጠው ሲያወጡ፣ ሆዳቸው ላይ ከእምብርታቸው በስተግራ መውጫ ቀዳዳ አድርገውላቸዋል። እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል፤ ከሆድ የሚወጣው በዚያ ነው። ቀበቶ የሚያማቸው ለዚህ ነበር። እኔ የሰፋሁት ጠንካራ የወገብ ክፍል ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ያርፋል። ሲቆሙ ደህና ነው። ሲቀመጡ ሆዳቸው ይገፋል፣ ጨርቁም ከረጢቱን ይጫነዋል።

"ትንሽ ይጫነኛል ይለኝ ነበር" አሉ እትዬ ሶፊያ። "ለራሕማ ንገራት ስለው፣ ደክማበታለች፣ ቅር ይላታል አለኝ።"

አዲሱ ኤርፖርት ከከተማው ሩቅ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ባልና ሚስት ተሳፋሪ ይዘው ወደ ሊትልተን እየሄዱ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ከረጢቱ ተለቀቀ። ሽታው መኪናውን ሞላው። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ መስኮት ከፈቱ፤ ቀጥሎ ሰውየው "ፕሊስ፣ አቁምልን" አለ። ጋሽ ሰይድ ነዳጅ ማደያ ላይ አወረዷቸው። ሻንጣቸውን ለማውረድ ከመኪናው መውጣት ነበረባቸው፤ ልብሳቸው እንደዚያ ሆኖ ሻንጣውን አወረዱ። ሴትየዋ ፊቷን አዞረች። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም። በዚያ ብርድ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ኦሮራ ድረስ ነድተው መጡ። መኪናውን ራሳቸው ሦስት ጊዜ አጠቡት። በማግስቱ ቁልፉን ለካምፓኒው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም፤ ለጁምዓ ሶላት እንኳ።

ኩሽናው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ ሶፊያ "ዝም በይ፣ ይሰማሻል" አሉኝ። ያን ቀን ጋሽ ሰይድን ሳላያቸው ተመለስኩ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ለሚስ አግነስ ነገርኳቸው። ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ታክሲው፣ በመጨረሻም "ጠይቄያለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው" አልኳቸው።

መቀሳቸውን አስቀመጡ። "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት?"

"ወረቀቱን አይቼዋለሁ። የመጨረሻው መስመር ባዶ ነበር። ያገሯ ሰው ነው፣ እሷ ታውቃለች ብዬ ተውኩት። ላሳፍርሽ አልፈለግሁም።" መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። "አንቺ፣ እኔ፣ ራሱ ሰውየው፣ ሦስት ጨዋ ሰዎች ተገናኝተን አንድ ሰው አዋረድን።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ወረቀት አምጪ አሉኝና አብረን ቁጭ ብለን ነደፍን። ወገቡ ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር ያርፋል። ዘለበት የለውም፤ ክብደቱን በትከሻ የሚያልፍ ማንገቻ ይይዘዋል። በስተግራ ከጠንካራው ገበር ይልቅ የሚለጠጥ ለስላሳ ጨርቅ ይገባበታል። ከረጢቱን ለማየት ከውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሚስ አግነስ ይህን ሁሉ በእርሳስ ሲስሉ እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ስንት ሰው እንዲህ እንደሰፉለት ያኔ ገባኝ።

"አሁን ሰውየውን ለኪው" አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ ሳሎን በሽርጥ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ስገባ ሊነሱ ሞከሩ። ጉልበታቸው አጠገብ ተንበረከክሁ።

"ጋሽ ሰይድ፣ በድዬዎታለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ። መጋረጃው ለዚያ ነበር። አፍሬ ነው።"

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

"ተነሺ ልጄ። ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለማን ይናገራል? በአንቺ አይፈረድም። ተይው።"

ጠመኔውን ሰጠኋቸው። መኝታ ቤት ገብተው ካናቴራቸው ላይ ክብ ሠርተው መጡ። ሜትሩን እትዬ ሶፊያ ያዙት፤ እኔ ቁጥሩን ብቻ አነበብኩ። ቁርስ ምን በሉ አልኳቸው። "አጥሚት፤ ምን ሌላ ይሰጡኛል ብለሽ!" አሉና ሁላችንም ሳቅን። ተቀምጠው፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር፣ አርባ አንድ ተኩል። ሠላሳ ስምንት ብዬ ለቆረጥኩላቸው ሰው።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ቀለል ብሎኝ ነበር። ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ብለውኛልና።

ሁለተኛው ልክ ሆነ። ጸደይ ሲገባ ጋሽ ሰይድ ከቤት ወጡ። ኮልፋክስ ላይ ቀስ እያሉ ሲሄዱ፣ ከሱቁ ደጃፍ ከታክሲ ነጂዎቹ ጋር ቆመው ሲጫወቱ አየኋቸው። የሚስቅባቸው አልነበረም። ለጁምዓም መሄድ ጀመሩ። ካምፓኒው ተመለስ አላቸው። "ከእንግዲህ ሰው አልጭንም" አሉ፤ በዚህ ላይ ማንም ሊያሳምናቸው አልቻለም። ሀያት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሸኟት ነበር። የቀራቸው ሥራ እሱ ሆነ።

በጋው ሳያልቅ በሽታው ተመለሰ፤ ጉበታቸው ጋ ደርሷል ተባለ። ወገቡን ሁለት ጊዜ አጠበብኩላቸው። መጀመሪያ ሦስት ኢንች፣ ቀጥሎ አራት። ሥራችን ሰው ሲወፍር ማስፋት፣ ሲከሳ ማጥበብ ነው፤ ግን እየሞተ ያለን ሰው ልብስ ማጥበብ ሌላ ነገር ነው። የተረፈውን ጨርቅ አልቆረጥኩትም። ምናልባት ይመለሱና እናሰፋዋለን ብዬ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት። ሦስተኛ ጊዜ እንዳጠበው ሲላክብኝ ለማጥበብ አልደረስኩም። ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሳምንት አረፉ። አላህ ይርሐማቸው። በከፈን ተጠቅልለው ተቀበሩ፤ ከፈን ለሁሉም አንድ ነው፣ ልክ አያስፈልገውም።

ሚስ አግነስ ቀብሩ ላይ መጥተው ከሴቶቹ ጋር ራሳቸውን በሻርፕ ሸፍነው ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ውስጥ ጥያቄው ከሁሉ መጀመሪያ ሆነ። ሜትር ከማንሳታችን በፊት፣ ስም ከመጻፋችንም በፊት። እሳቸው ዓይናቸው ደክሞ ሱቁን እስኪያስረክቡ ድረስ ሌላ ባዶ መስመር አላየሁም። እኔም በበኩሌ ከዚያ በኋላ በነበሩኝ የሥራ ዓመታት ማንንም ሳልጠይቅ አልለካሁም። ሽማግሌ ቢሆን፣ ሼህ ቢሆን፣ ያገሬ ሰው ቢሆን ጠየቅሁ። የተቆጡኝም ነበሩ። ይቆጡ።

እትዬ ሶፊያ የሐዘን ጊዜያቸውን ሲጨርሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የጋሽ ሰይድን ልብሶች ሶፋው ላይ ዘርግተው ለሰው የሚሰጠውን ይለዩ ነበር። አብሬያቸው ማጠፍ ጀመርኩ። ሹራብ ላይ ደረስን፤ ያ ሱቅ የመጡበት ወፍራም ሹራብ ነበር።

"ይሄን ለብሶ ነበር አንቺ ጋ የመጣው" አሉ እትዬ ሶፊያ ፈገግ ብለው። "እንዴት ያለ ቀን ነበር! ቁርሱን ትቶ ሲለማመድ ነበር እኮ።"

"ምን ሲለማመዱ?"

"ለአንቺ የሚነግርሽን ነዋ። 'ለሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሞት ነው፤ ለራሕማ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ ልጄ ናት' እያለ። እንዲህ ብላት ነውር ይሆን እንዴ እያለ፣ አንዱን ቃል ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ቆየ። እኔ እስቅበታለሁ። በኋላ ሲመለስ 'ነገርካት?' ስለው 'አልጠየቀችኝም፤ ሳልጠየቅ መጀመር አቃተኝ' አለኝ።"

ይህን ሲሉኝ ሊወቅሱኝ አልነበረም። ባላቸውን እያስታወሱ ነበር። ሹራቡን አጣጥፈው ከሚሰጠው ላይ ሳይሆን ከሚቀረው ላይ አስቀመጡት፣ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ፣ ሻይ ይዘው መጡ።

"ስኳር ስንት ላድርግልሽ?" አሉኝ።

"ሁለት" አልኳቸው።